በማማ ላይ የተማርነው እንግሊዝኛ

ውድ እትዬ ሐረገወይን፣

እንዴት ሰነበቱ? የደብረ ብርሃን ብርድ እንዴት ይዞዎታል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ሸዋ ሮቢትም እንደሚያውቋት ናት፤ ጠዋት ታባብላለች፣ ቀትር ላይ ታቃጥላለች።

ባለፈው እሑድ ስደውል ሜሮን ስልኩን ጆሮዎ ላይ አድርጋልዎ ነበር። እኔም እንደ ልማዴ ለፈለፍኩ። ማሾው ዘንድሮ ጥሩ ፍሬ እንደያዘ፣ ጋሼ ተሰማ አዲስ ባርኔጣ እንደገዙ፣ ከክፍላችን ጀርባ ያለችው ፓፓያ በነፋስ እንደወደቀች ነገርኩዎ። ከወዲያ የሚሰማኝ ትንፋሽዎ ብቻ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ትንፋሹም ራቀና ሜሮን ተመልሳ መጣች።

«ፋዲላዬ፣ እማዬ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች» አለችኝ።

ከዚያ ወደ በረንዳ ወጥታ ነው መሰለኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ሌላውን ሁሉ ነገረችኝ። ከመስከረም ወዲህ ከቤት መውጣት ትተዋል አሉ። ምግብ እንደ ነገሩ ቀምሰው ይመልሳሉ አሉ። ጠያቂ ሲመጣ ዓይንዎን ጨፍነው የተኙ ይመስላሉ አሉ። እሷ «እማዬ ምን ሆነሽ ነው?» ብትልዎ፣ በቁራጭ ወረቀት ላይ «ድምፅ የሌለው ሰው ለሰው ምን ያደርጋል?» ብለው ጽፈው ሰጧት አሉ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግቢዬ ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ብዙ ተቀመጥኩ። ላነሳልዎ የምፈልገው ነገር በስልክ የሚወራ አልመስል አለኝ። እርስዎ መመለስ በማይችሉበት መስመር ላይ እኔ ብቻዬን ስናገር የማሸንፍዎ ይመስለኛል፤ በወረቀት ግን እኩል ነን። ስለዚህ ይኸው እጽፍልዎ ጀመርኩ። ሜሮን እንድታነብልዎ አልፈልግም። ተነሥተው መነጽርዎን ያድርጉና ራስዎ ያንብቡት። ቀይ እስክሪብቶ ቢያነሡም አልቀየምም።

አምና መስከረም የመጣሁ ቀን ትዝ ይልዎታል? ከኮሌጅ ከወጣሁ ገና ወራት ነበር። ሙቀት አዲሴ አልነበረም፤ አሊዩ አምባ ተወልዶ ሙቀት የሚፈራ የለም። የፈራሁት ሌላ ነበር። ልጆች ፊት ቆሜ የምለው ቢጠፋኝስ እያልኩ፣ ባጃጁ ከአስፋልቱ ታጥፎ በሽንኩርት ማሳው መሀል ሲያንገጫግጨኝ በልቤ እንግሊዝኛ እለማመድ ነበር። ርእሰ መምህሩ ጋሼ ተሰማ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«እንግሊዝኛ ነሽ አይደል?»

«አዎ ጋሼ።»

«እንግዲያው ድምፅ ትሆኛለሽ።»

«ምን እሆናለሁ?»

«እትዬ ሐረገወይን ዕውቀቱ አላቸው፣ ድምፅ የላቸውም። አንቺ ድምፅ አለሽ፣ ዕውቀቱ ደግሞ...» ብለው ሳቅ አሉና ሳይጨርሱት ወደ አምስተኛ ክፍል መሩኝ።

እርስዎ ጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ቆመው ነበር፤ አንገትዎ ላይ ስስ ነጭ ሻሽ ጠምጥመው። እጅዎን ዘርግተው ወደ ራስዎ ሳቡኝና በጆሮዬ «አትፍሪ፤ እኔም እፈራለሁ» አሉኝ። ድምፅ አልነበረም። የደረቀ የማሽላ ቅጠል እርስ በርሱ ሲተሻሽ የሚወጣው ዓይነት ነገር ነበር። ግን እያንዳንዱ ቃል ጥርት ብሎ ተሰማኝ።

ታሪኩን በኋላ ነው የሰማሁት። እንቅርትዎ በቀዶ ሕክምና ሲወጣ የድምፅዎ ነርቭ እንደተነካ፣ ሐኪሙም «አንዳንዴ የሚያጋጥም ነው፣ ይመለስ ይሆናል» እንዳሉዎ። መንደሩ ግን የራሱ ታሪክ ነበረው። «የአጣዬ ቤታቸው ሲቃጠል ድምፃቸው ከጭሱ ጋር ወጣ» ይሉ ነበር። አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅኩዎ። ፈገግ አሉና «ያቃጠሉት ቤቴን ነው። ድምፄን ሐኪም ቤት ነው የተውኩት» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ዓመት ተነጋግረን አናውቅም።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እውነቱን ልንገርዎ፤ አልወደድኳቸውም። እርስዎ በጆሮዬ ሹክ ይላሉ፣ እኔ ጮክ ብዬ እደግማለሁ። ልጆቹ ይስቃሉ። ቤቴ ስገባ «ይህን ሁሉ ዓመት የተማርኩት የሰው ማይክራፎን ልሆን ነው?» እላለሁ። አጎቴ ኡበይድ ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አለው። በየሳምንቱ ይደውልና «ነይ፣ አብረን እንሥራ፤ ጠመኔ ምን ያደርግልሻል?» ይለኝ ነበር።

ቀስ በቀስ ግን በዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ነገር ሆነ። ልጆቹ እርስዎ የሚሉትን ከእኔ ቀድመው ለመስማት ሲሉ ዝም ማለት ጀመሩ። ከዝምታውም አልፈው እነሱም እርስ በርሳቸው በሹክሹክታ መነጋገር ያዙ። ቀትር ላይ ቆርቆሮው በሙቀት ሲንጠጣጣ፣ ከውጭ ርግብ ስታጉረመርም፣ ያ ሁሉ ልጅ በእንግሊዝኛ ሲያንሾካሹክ ሕልም ውስጥ ያለሁ ይመስለኝ ነበር። ሌሎች መምህራን በመስኮት ብቅ ብለው «እነዚህ ልጆች ታመሙ እንዴ?» ይሉ ነበር።

የዓረፍተ ነገር ዓይነቶችን ያስተማሩበትን ሳምንት እስከ ዛሬ አልረሳውም። መጽሐፉ ላይ ያሉትን ከባባድ ስሞች ትተው፣ ሰሌዳው ላይ አንድ ቤት ሣሉ። «በዚህ ቤት አራት ሰዎች ይኖራሉ» አሉኝ፤ እኔም አልኩ። «ነጋሪው፣ ጠያቂዋ፣ አዛዡና ተገራሚዋ።» ነጋሪው ያየውን ተናግሮ ነጥቡን አድርጎ ይቀመጣል። «ዘ በርድስ አር ኢቲንግ።» ወፎቹ እየበሉ ነው፤ አለቀ። ጠያቂዋ ትዕግሥት የላትም፤ መሀል የነበረውን «አር» አንሥታ ፊት ታመጣዋለች። «አር ዘ በርድስ ኢቲንግ?» አዛዡ ማንንም በስም አይጠራም፣ የሚያዘው ሰው ፊቱ ቆሟልና። «ቼዝ ዘ በርድስ!» ወፎቹን አባር! ተገራሚዋ ደግሞ እንደ ጠያቂዋ በ«ዋት» ትጀምራለች፤ ግን መልስ አትጠብቅም፣ ልቧ ስለሞላ ብቻ ነው አፏን የከፈተችው።

ለአራቱም ምልክት ሰጧቸው። ለነጋሪው መዳፍዎን ጠረጴዛ እንደሚያብስ ሰው ጠፍጣፋ ዘረጉ። ለጠያቂዋ እጅዎን ወደ ጆሮዎ አመጡ። ለአዛዡ ጣትዎን ቀሰሩ። ለተገራሚዋ ደረትዎን ያዙ።

ያኔ ነው ሐምዲያ እጇን ያወጣችው፤ ያቺ ከፊት የምትቀመጠው፣ የጋሽ ሸሪፍ ልጅ። «ቲቸር፣ ተገራሚዋ በሹክሹክታ መናገር ትችላለች እንዴ? መጮህ የለባትም?»

 እኔም የሚሉትን ልደግም ጆሮዬን ወደ እርስዎ አስጠጋሁ። እርስዎ ግን ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ እዚያች ፓፓያ ላይ አንዲት ቢጫ ወፍ ነበረች። እንደ ሕፃን ዓይንዎ ፈጠጠ፣ ደረትዎን ያዙ፣ ያለምንም ድምፅ በከንፈርዎ ብቻ «ዋት ኤ በርድ!» አሉ። ክፍሉ ሁሉ ወደ መስኮቱ ዞረ። ማንም ትርጉም አልጠየቀም።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ ማሽላው እሸት ያዘ፤ የግሪሳ ወፍም መጣ። እንደ ጭስ ነው የሚመጣው፤ ከአዋሽ በኩል ይነሣና ሰማይ ላይ ይጠመዘዛል፣ ሲያርፍ እንደ ዝናብ ይሰማል፣ ሲነሣ ማሽላው ራሰ በራ ሆኖ ይቀራል። ልጆቻችን ሁሉ ወንጭፋቸውንና ጅራፋቸውን ይዘው በየማማቸው ላይ ወጡ። ክፍላችን ባዶ ሆነ፤ የቀሩት የአስፋልት ዳር የነጋዴ ልጆች ብቻ ነበሩ። በዚያው ሰሞን ጋሼ ተሰማ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው በራችን ላይ ቆሙ።

«እትዬ ሐረገወይን፣ መጥፎ ወሬ ነው ይዤ የመጣሁት። ሱፐርቫይዘሩ ረቡዕ ይመጣሉ። ድምፅ የሌለው መምህር ክፍል ይያዝ ወይስ ወደ ንብረት ክፍል ይዛወር የሚለውን አይተው ሊወስኑ ነው።»

እኔ ቀደም አልኩ። «ጋሼ፣ ምን ያያሉ? ተማሪ የለም እኮ!»

«እኔስ ምን ላድርግ ልጄ? ግሪሳውን ቆይ ልበለው?»

እርስዎ ፊትዎ ምንም አልተለወጠም። በጆሮዬ «ተማሪዎቹ የት ናቸው?» አሉኝ።

«ማማ ላይ ናቸዋ።»

«እኛ ታዲያ እዚህ ምን እንሠራለን?»

ረቡዕ ጎሕ ሲቀድ ወጣን። ከሮቢ ወንዝ የተነሣው ጉም ገና ማሳው ላይ ተኝቶ ነበር። ማሽላው ከራሳችን በላይ ስለሆነ የምናየው ሰማይ ብቻ ነበር፤ ጤዛው የእኔን ሻርፕና የእርስዎን ነጠላ አረጠበው። ከየት እንደሆነ የማይታወቅ ጅራፍ ይጮሃል፣ ከየት እንደሆነ የማይታወቅ ልጅ «ሃሃይ!» ይላል። እርስዎ እጄን ይዘው ፊት ፊት ይሄዱ ነበር። መንገዱን ያውቁታል ብዬ ነበር፤ በኋላ ግን እርስዎም እንደማያውቁት፣ ድምፅ ወደ ሰሙበት ብቻ ይሄዱ እንደነበር ነገሩኝ።

የጋሽ ሸሪፍ ማማ ከሁሉም ከፍ ያለ ነበር። ሐምዲያ ከላይ አየችንና «ቲቸሮች መጡ!» ብላ ጮኸች። ጋሽ ሸሪፍ ከማሽላው መሀል ብቅ ሲሉ እርስዎ ጫማዎን አውልቀው አንድ እግርዎን መሰላሉ ላይ አድርገው ነበር።

«ያ አላህ! እትዬ፣ ይቺ ማማ እኮ ለልጅ ነው የተሠራችው!»

ዞር ብለው ሹክ አሉ። ጋሽ ሸሪፍ ወደ እኔ አዩ። «ምን አሉ?»

«ልጅ ነኝ አሉ።»

ጋሽ ሸሪፍ እየሳቁ መሰላሉን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ቢስሚላህ ይበሉ እንግዲህ፤ እርስዎም በአምላክዎ ስም ይውጡ።»

ላይ ስንወጣ ያየሁትን ያን ጠዋት በቃል ልነግርዎ አልችልም፤ አብረን ስላየነው ብቻ ነው የምጽፈው። ጉሙ እየሳሳ የማሽላው ራስ ሁሉ ቀይ ሆኖ እስከ ተራራው ግርጌ ተዘርግቶ፣ ማማዎቹ በላዩ ላይ እንደ ጀልባ ተንሳፍፈው ነበር። በእያንዳንዱ ላይ የእኛ ልጅ አለ። እርስዎ በጆሮዬ ሹክ አሉ፤ እኔም ባለኝ ጉልበት ሁሉ ጮኽኩ። «ዘ በርድስ አር ከሚንግ!» ከሩቅ ማማ አንድ ልጅ ለወጠው። «አር ዘ በርድስ ከሚንግ?» ከሌላው «ቼዝ ዘ በርድስ!» መጣ። በየመሀሉ ጅራፍ ይጮሃል፤ ግሪሳው ከአንዱ ማሳ ተነሥቶ ወደ ሌላው ሲል እዚያም ዓረፍተ ነገር ይጠብቀዋል። ጋሽ ሸሪፍ ከታች ሆነው «የእኔ የትኛው ነው? ለእኔም ስጡኝ እንጂ!» ይሉ ነበር። ሐምዲያ «አባባ፣ አንተ ተገራሚዋ ነህ» አለቻቸው። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማቸው!

ሱፐርቫይዘሩ ከጋሼ ተሰማ ጋር የደረሱት ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው። ጥቁር ኮት ለብሰው፣ ኮቱ ላይ ቅጠል ተለጥፎ። ብዙ ቆመው ሰሙ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ፊታቸው ላይ ፈገግታ ነበረ። ግን እጃቸውን አንሥተው አስቆሙን።

«ጥሩ ነው፣ በጣም ጥሩ ነው። ነገር ግን እኔ የሰማሁት የወጣቷን መምህርት ነው። የመጣሁት ደግሞ እትዬ ሐረገወይንን ለማየት ነው። ልጄ፣ እስቲ ውረጂ።»

«ጌታዬ፣ እኔ እኮ የእሳቸውን ቃል ነው...»

«ገብቶኛል። ውረጂ።»

አየሁዎ። በጣትዎ ትከሻዬን ነካ አደረጉ፤ ውረጂ ማለትዎ ነበር። መሰላሉን ወረድኩ። ማሽላው መሀል ቆሜ ቀና ስል ከእርስዎ ነጠላ ጫፍ በስተቀር የሚታየኝ አልነበረም።  ጋሼ ተሰማ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔም በልቤ «ያ ረቢ፣ ዛሬ ብቻ» አልኩ፤ ዛሬ ብቻ ድምፅዎን እንዲመልስልዎ።

ድምፅዎ አልተመለሰም። ግሪሳው ግን መጣ።

ከምሥራቅ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ጋሽ ሸሪፍ «ወላሂ፣ እንዲህ ያለ አላየሁም» አሉና ጠጠር የተሞላ ጣሳ አንሥተው ሱፐርቫይዘሩ እጅ ላይ አደረጉ። «ጌታው፣ ዛሬ ቆሞ ማየት የለም፤ ያንኳኩ!» ያኔ እርስዎ ብድግ ሲሉ ነጠላዎ ከማማው ላይ ወደ ላይ ሲወጣ አየሁ፤ እጅዎም ታየኝ። መዳፍዎ ጠፍጠፍ ብሎ ተዘረጋ። ልጆቹ በየማማቸው ሆነው አይተውታል፤ በአንድ አፍ «ዘ በርድስ አር ከሚንግ!» አሉ። እጅዎ ወደ ጆሮዎ ሄደ፤ ጥያቄው በግራ በኩል ካሉት ማማዎች ተነሣ። ጣትዎ ወደ ምሥራቅ ተቀሰረ፤ «ቼዝ ዘ በርድስ!» ሲሉ ጅራፉ ሁሉ አንድ ላይ ጮኸ፣ የወንጭፉ ጠጠር ሁሉ አንድ ላይ ተወነጨፈ። ግሪሳው ከማሽላው ራስ ላይ ሳያርፍ ተጠማዘዘ፣ ፀሐይዋን ለአፍታ ሸፈናት፣ ከዚያ ወደ ወንዙ ማዶ ዞረ። እርስዎ ሁለት እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው ቀና ብለው ቆመው ነበር። ልጆቹ ያን ጊዜ ያሉትን ለመጻፍ ፊደል አይበቃኝም፤ እያንዳንዱ የራሱን ግርምት ነው የጮኸው፣ ገሚሱ በእንግሊዝኛ፣ ገሚሱ በአማርኛ፣ ጫፍ ላይ ያሉት በኦሮምኛ።

እኔ ከታች ሆኜ አብሬያቸው እየመለስኩ ነበር። አምስተኛ ክፍል እንደሆንኩ ሁሉ።

ሱፐርቫይዘሩ ኮታቸውን አውልቀው ጣሳውን እስኪበቃቸው አንኳኩተው፣ የግንባራቸውን ላብ እየጠረጉ ለጋሼ ተሰማ ያሉትን እርስዎ አልሰሙም፤ ገና ከማማው እየወረዱ ነበር። «የንብረት ክፍሉን ዕቃ ሌላ ሰው ይጠብቀው» ነው ያሉት። ጋሼ ተሰማ ባርኔጣቸውን ወደ ላይ ወረወሩ፤ ማሽላው ውስጥ ወድቆ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ዓመት ሙሉ ጠብቀው አዲስ የገዙት ለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ ያልነገርኩዎን ልንገርዎ። በዚያ ሳምንት ሻንጣዬን አሰናድቼ ነበር። ረቡዕን ከእርስዎ ጋር ውዬ፣ ሐሙስ ኮምቦልቻ ልሄድ ከአጎቴ ጋር ተስማምቼ ነበር። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ግን፣ እግሬ ላይ ያለው ጭቃ ሳይደርቅ ደወልኩለት።

«አጎቴ፣ አልመጣም።»

«ምነው? ምን አገኘሽ?»

«ሥራ።»

«ሥራማ ነበረሽ እኮ!»

«ያኔ አላወቅኩትም ነበር።»

አጎቴ ሳቀ፤ ልጅቷን ፀሐይ መትቷታል ብሎ ይሆናል። ለእርስዎ ግን አልነገርኩዎም። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት ሹክ የሚሉኝ ቃል እየቀነሰ ሲሄድ፣ የሚሉትን ቀድሜ ማወቅ ስጀምር፣ ከዚያም አንድ ቀን ትምህርቱን ጨርሼ ዞር ስል እርስዎ ከኋላ ከልጆቹ ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሳገኝዎ፣ ያኔም አልነገርኩዎም። ሰኔ ላይ ጡረታዎ ደርሶ ሜሮን ልትወስድዎ ስትመጣ፣ መናኸሪያው ውስጥ ሻንጣዎን አንሥቼ «በሰላም ይግቡ» ብቻ ነው ያልኩት። አውቶቡሱ ወደ ደብረ ሲና ዳገት ሲታጠፍ ነው ሌላው ሁሉ ቃል የመጣልኝ።

ስለ ዘንድሮ ልዋሽዎ አልፈልግም። ክፍሉን ብቻዬን ይዣለሁ፤ አልቸገረኝም። ልጆቹ ይሰሙኛል። የቸገረኝ ሌላ ነው፤ ሜሮን የነገረችኝን፣ በወረቀት የጻፉትን ጥያቄዎን የመለሰልኝም እሱ ነው።

ሰሞኑን ግሪሳ ተመልሶ መጥቷል። ሰኞ ጠዋት በማሳው በኩል ሳልፍ ትንንሽ ልጆች፣ ገና እንግሊዝኛ መማር ያልጀመሩት ሳይቀሩ፣ በየማማው ላይ ሆነው «ዋት ኤ በርድስ! ዋት ኤ በርድስ!» እያሉ ይጮሃሉ። አይ እንግዲህ! ብዙ ወፍ ከሆነ «ኤ» ምን ይሠራል? አንዱን ማማ አርሜ ሳልጨርስ ከሌላው ይነሣል። ሐምዲያን ጠየቅኳት፤ አሁን ስድስተኛ ክፍል ናት። አፍራ መሬት መሬት እያየች «አባባ ነው ያስተማራቸው» አለችኝ።

ጋሽ ሸሪፍ ጋ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ስሕተት ነው እኮ፤ ለአንድ ወፍ ነው እንዲህ የሚባለው።»

«ምን ስሕተት አለው? እትዬ ሐረገወይን አምና ከማማው ላይ እንዲህ ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ!»

«ጋሼ፣ እሳቸው እኮ ድምፅ የላቸውም።»

«ወላሂ ሰምቻለሁ! ያ ሁሉ ወፍ ሲመለስ ማን ነው የጮኸው ታዲያ? ድምፃቸው እንደ ደወል ነበር! ሚስቴንም ጠይቂ፤ ወንዙ ድረስ ነው የተሰማት።»

ሚስታቸውን ጠየቅኩ። ሰምቻለሁ አሉ። ከማዶ ማሳ ያሉትን የክርስቲያን ገበሬዎች ጠየቅኩ፤ እነሱም ሰምተዋል። አንደኛው እንዲያውም «ወፍራም ድምፅ ነው ያላቸው» አለኝ። እትዬ፣ እዚህ አገር ድምፅዎን ያልሰማ ሰው ፈልጌ አጣሁ። ያልሰማን እኔና እርስዎ ብቻ ነን።

ጋሽ ሸሪፍ ደግሞ «ከአንቺ እርማት አልቀበልም፤ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፣ ካረሙኝም እሳቸው ያርሙኝ» ብለው ቁርጡን ነግረውኛል። እርስዎ ካልመጡ ይህ ቆላ ለሰባት ትውልድ «ዋት ኤ በርድስ» ሲል ይኖራል፤ ነገ ከነገ ወዲያ መጽሐፍ ላይ የሚገባም ይመስለኛል።

ስለዚህ ቅዳሜ በመጀመሪያው መኪና የጣርማ በርን ዳገት ወጥቼ እመጣለሁ። ከሜሮን ጋር ተነጋግረናል፤ ማልቀስም መሳቅም አምሯት ነበር። የተከራየሁት ቤት ሁለት ክፍል ነው፤ ምሥራቁ የእርስዎ ነው፣ አልጋው ተነጥፏል። ጋሼ ተሰማም ሳምንቱን ሙሉ ባይሆን እንኳ በፈለጉት ቀን ክፍል ገብተው ይቀመጡ ብለዋል። ቀለል ያለ ልብስ ይያዙ፤ ወፍራሙን ጋቢ ለሜሮን ይተዉላት። የሚጾሙበትን ቀን እኔ አውቃለሁ፣ የእኔንም እርስዎ ያውቃሉ፤ በዚህ አንቸገርም።

እምቢ ካሉም እመጣለሁ። አጠገብዎ ቁጭ ብዬ ግድግዳውን አብሬዎ አያለሁ። ከእርስዎ ጋር ዝም ማለት ከሌላው ሰው ጋር ከመጨዋወት ይበልጥብኛል፤ ይህንን ማንም በጆሮዬ ሹክ ሳይለኝ፣ ከራሴ አውጥቼ ነው የጻፍኩት።

እስከ ቅዳሜ አላህ ይጠብቅዎ፤ «እመቤቴ» የሚሏትም አትለይዎ።

ልጅዎ ፋዲላ
ሸዋ ሮቢት፣ ኅዳር